ከባሕር ዳር ጎንደር በአየር ስንት ነው? ለወረታ መንገደኛስ?

ከባሕር ዳሩ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ጎንደሩ አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ በካርታ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ብናሰምር 100 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። መስመሩ ጣናን አቋርጦ ያልፋል። መኪና ግን ሐይቁን በምሥራቅ ዞሮ፣ በሐሙሲት፣ በወረታ፣ በአዲስ ዘመንና በማክሰኝት በኩል ወደ 180 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ጉማራንና ርብን የሚሻገረውም በዚሁ በፎገራ ሜዳ ላይ ነው።

በአገር ውስጥ መስመር የሚበረው ኪው 400 አውሮፕላን በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ስለዚህ በስሌት ጉዞው አሥር ደቂቃ ነው። ሆኖም አውሮፕላን በሙሉ ፍጥነቱ የሚበረው ከፍታውን ከያዘ በኋላ ነው፤ እዚህ ገና ወጥቶ ሳይጨርስ መውረድ ይጀምራል። ቀድሞ መገኘቱና ፍተሻው ሲደመር ጉዞው ከሁለት ሰዓት ያልፋል። ቀጥታ በረራ በሌለበት ቀን ደግሞ ነገሩ ያስቃል። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ 330፣ ከአዲስ አበባ ጎንደር 420፤ መቶ ኪሎ ሜትር ለመሻገር 750 ኪሎ ሜትር መብረር ማለት ነው።

ለወረታ ሰው የሚጠቅመው የአዲስ አበባው በረራ ነው። ትኬቱ «አንድ ሰዓት» ይላል። ግን ባሕር ዳር ለመድረስ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና አለ፤ በክረምት ርብና ጉማራ ሜዳውን የሚያጥለቀልቁበት ጊዜ አለ፤ ከ2015 ክረምት ወዲህም በግጭቱ ምክንያት መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ። ለዑምራም ሆነ ለሥራ ከአዲስ አበባ ወደ ጂዳ የሚቀጥል ሰው ሁለቱን በረራዎች በአንድ ቀን ባያጣብቅ ይሻለዋል። የመጀመሪያው ካመለጠ ሁለተኛውም አብሮ ይሄዳል።

ሰላትስ? ብዙዎች «በረራው አንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ ምን ድካም አለውና ቀስር ይደረጋል?» ይላሉ። የማሊኪ፣ የሻፊዒና የሐንበሊ ዑለማዎች ግን የያዙት ርቀቱን ነው። አራት ቡርድ ወይም 16 ፈርሰኽ ሲሆን፣ በዛሬ መለኪያ ከ80 እስከ 89 ኪሎ ሜትር ይገመታል። ሐነፊዮች በሦስት ቀን ጉዞ ለክተውታል፤ በልማድ የሚወስኑም አሉ። ኢማም ነወዊ «ሚንሃጅ» ላይ ይህንኑ ጥያቄ አውሮፕላን ሳይታሰብ መልሰውታል፤ በባሕር የሚሄድ ሰው ርቀቱን በአንድ ሰዓት ቢያቋርጠውም ያሳጥራል።

እንግዲህ ሁለት ወንድማማቾች ከወረታ በአንድ መኪና ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ደረሱ እንበል። አንደኛው ወደ አዲስ አበባ በራሪ፣ ሌላው ሸኚ ነው። በብዙኃኑ አቋም በራሪው ከወረታ ቤቶች ካለፈ ጀምሮ ሙሳፊር ነው፤ ዝሁርን ለብቻው ከሰገደ ሁለት ረከዓ ይበቃዋል። ሸኚው 80 ኪሎ ሜትር ስላልሞላለት አራት ይሰግዳል። በራሪው ሸኚውን ተከትሎ ከሰገደ ግን እሱም አራት ያሟላል።

ከወረታ አዘዞ ወዳለው የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ የሚሄደውስ? በአየር ቢለካ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአስፋልቱ ከ100 በላይ። የሚቆጠረው የሄደበት መንገድ ነውና ያሳጥራል።