የማን ሞተር ይፈጥናል?

ከመስቀል አደባባይ ወደ ካዛንቺስ የሚወጣውን ዳገት የሚያውቅ ሰው የካዛንቺስንና የቂርቆስን ሞተረኞች ክርክር ሳይሰማ አይቀርም። «የኔዋ ትቀድማለች!» «ያንቺማ ቁልቁለት ላይ ብቻ ነው!» እያሉ ሞተሯን ጭምር ይሰድባሉ። ነገሩ ቀልድ ነው፤ ግን ማንም ተረታሁ አይልም። እኛም ጉዳዩን በተማርነው ፊዚክስ መዘንነው።

ሞተር ቤንዚንን የሚያቃጥለው ከአየር ጋር ቀላቅሎ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከምጽዋ አየር ሩብ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ ምጽዋ ላይ 12 የፈረስ ጉልበት የሚያወጣ ሞተር እዚህ 9 ቢያወጣ ነው። ታዲያ ወረቀት ላይ የተጻፈውን ቁጥር እየጠሩ መፎከር ምን ዋጋ አለው!

ይህ ግን ሁሉንም እኩል ስለሚነካ አሸናፊውን አይለይም። ዳገት ላይ የሚለየው ክብደት ነው። ሁለት አንድ ዓይነት ሞተሮች እያንዳንዳቸው 115 ኪሎ ቢሆኑ፣ አንዱ ነጂ 55፣ ሌላው 85 ኪሎ ቢመዝን፣ ያው ጉልበት አንዱ ጋ 170፣ ሌላው ጋ 200 ኪሎ ይጎትታል። እንግዲህ ቀጭኑ ልጅ ቀደመ እንጂ ሞተሩ ቀደመ አይባልም። ሜዳ ላይ ደግሞ ነፋሱ ስለሚገፋ ጎንበስ ያለው ይጠቀማል።

ፈተናውስ? አስፋልት ላይ አይሆንም። ፍጥነት ከ30 ወደ 60 ሲያድግ ፍሬን ተይዞ እስኪቆም የሚፈጀው ርቀት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው፤ መንገድ የሚሻገር ሕፃን ይህን ሒሳብ አያውቅም። በተዘጋ ሜዳ፣ መጀመሪያ በየራሳቸው፣ ቀጥሎ ሞተር ተቀያይረው ይሞክሩ። ሐሳቡን ስንነግራቸው ሁሉም ተስማሙ፤ ሞተሩን ለሌላው ለመስጠት የፈቀደ ግን እስካሁን አልተገኘም።