ተጨማሪ መረጃ፦ የባቲ ሰኞ
ገበያ ዕቃ ብቻ የሚለዋወጡበት ቦታ ይመስላችኋል? የባቲን የሰኞ ገበያ ተመልከቱ። ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ደጋው ወደ አፋር ቆላ በሚወርድበት መንገድ ላይ የምትገኝ የኢትዮጵያ ከተማ ናት። ሰኞ ሰኞ አፋሮች ግመልና ፍየል፣ ከዘንባባ ቅጠል የተሠራ ሰሌንም ይዘው ይመጣሉ፤ የደጋ ገበሬዎች ደግሞ እህል። ገዢ የግመሏን አፍ ከፍቶ ጥርሷን ያያል፣ አስኪዶ አረማመዷን ይመረምራል፤ ከዚያ በኋላ ነው ዋጋ የሚቆረጠው። እንዲህ ያለ ግብይት የሌላውን ቋንቋ መልመድንና መተማመንን ይጠይቃል። ባቲ የምትታወቀው በገበያዋ ብቻም አይደለም፤ ከአራቱ ዋና ዋና የኢትዮጵያ ሙዚቃ ቅኝቶች አንዱ በዚህች ከተማ ስም ይጠራል። ቅኝት ማለት ዜማ የሚገነባባቸው የተመረጡ ድምፆች ሥርዓት ነው፤ የባቲ ቅኝት አምስት ድምፆች አሉት።

«ሱቅና መኪና ባለበት ዘመን የሳምንት ገበያ ምን ይሠራል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሱቅ ሳሙናና ስኳር ያቀርባል፤ ሩቅ የሚኖር አርብቶ አደር ግን ከብቱን የሚያሳይበት፣ ዝናብ የት እንደጣለ የሚጠይቅበት ቀን ያስፈልገዋል። በፖርቱጋሏ ባርሴሎስም ሱፐርማርኬቶች የሐሙሱን ገበያ አላስቀሩትም፤ በአፈ ታሪክ የታወቀው ባለቀለም የሸክላ አውራ ዶሮ ዛሬም ይሸጥበታል። ንግድ በቦታ ስም ላይም አሻራውን ይተዋል፤ በደቡብ ሱዳኗ ጁባ፣ ሀይ ጀላባ በሚባለው ሰፈር የምትማሩ፣ ሰፈራችሁ ስሙን ያገኘው «ጀላባ» ከሚባሉት ከሰሜን ሱዳን ከመጡ ነጋዴዎች መሆኑን ልብ በሉ። በአቅራቢያችሁ ወዳለ ገበያ ስትሄዱ ሻጭና ገዢ በየትኛው ቋንቋ እንደሚከራከሩ፣ መቼስ ቋንቋ እንደሚቀይሩ አዳምጣችሁ በደብተራችሁ መዝግቡ።