እንሰት ወይስ ባሕር ዛፍ?

በወልቂጤና በቡታጅራ ዙሪያ ያለ ገበሬ መሬቱን ለእንሰት ይስጥ ወይስ ለባሕር ዛፍ? ጥያቄው የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ሀገራችን የገባው ባሕር ዛፍ አጥናው በገበያ ይፈለጋል፤ ቢቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ነገር ግን አጠገቡ ያለውን ሰብል ውሃ ይሻማል። ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የሚመገበው እንሰት ግን፣ ለመድረስ ዓመታት ቢፈጅም፣ በግንዱ ውሃ ስለሚያከማች ድርቅን ይቋቋማል፤ በክፉ ቀንም ተፍቆ ቆጮ ይሆናል። ዝናብ በሚዛባበት በዛሬው ዘመን ይህ የማይናቅ ዋስትና ነው።

ይሁን እንጂ የመፋቁ ድካም የወደቀው በሴቶች ጫንቃ ላይ ነው፤ የአጠውልግ በሽታም ተክሉን ይፈጃል። ስለዚህ ገበሬውን «ባሕር ዛፍ አትትከል» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ድካም የሚያቃልል መፋቂያና ጤነኛ ችግኝ ሊቀርብለት ይገባል እንላለን።