በሸክላና በካሴት የተቀዳ ድምፅ እንዳይጠፋ

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ብለዋል። ይሁን እንጂ የሰው ድምፅ ራሱ በመጽሐፍ ሊቀመጥ ስለማይችል፥ ዘፋኙ በሞተ ጊዜ ድምፁም አብሮት ይቀበር ነበር። አሜሪካዊው ቶማስ ኤዲሰን በ1877 ድምፅ የሚቀዳ መሣሪያ ከሠራ በኋላ ግን ድምፅም እንደ ጽሕፈት የሚወረስ ሆነ። (በዚህ ጽሕፈት ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ነገር ግን መቀዳቱ ብቻ አይበቃም፤ የተቀዳውም ድምፅ ጠባቂና ሰሚ ካላገኘ እንዳልተቀዳ ይሆናል።

ለዚህ ነገር የቆየ ምሳሌ አለን። የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1898 ለዳግማዊ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የሰላምታ ቃል በድምፅ ልካ ነበር። ያ ድምፅ ከተሰማ በኋላ በንግሥቲቱ ፈቃድ እንዲጠፋ ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱ የመለሱት ቃል ግን ስለ ተጠበቀ እስከ ዛሬ ይሰማል። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1908 ወደ ጀርመን አገር ተልከው ሄዱና በበርሊን ከተማ ዘፈናቸውን በሸክላ አስቀዱ። ይህ የኢትዮጵያ ዘፈን በሸክላ የወጣበት መጀመሪያ እንደ ሆነ ይነገራል። ሸክላዎቹም ከመቶ ዓመት በኋላ፥ በ2011 እንደ ገና ታትመው ወጡ።

ድምፅ የሚቀመጥበትን መንገድ ማወቅ ለመጠበቅ ይረዳል። በሸክላ ላይ ድምፁ እንደ ቀጭን ቦይ ተቀርጾ ይቀመጣል፤ መርፌው በቦዩ ሲሄድ ንዝረቱን መልሶ ያሰማል። በካሴት ውስጥ ግን ድምፁ የሚያዘው በቀጭን ጥብጣብ ላይ በተቀባ የብረት ዱቄት ነው፤ ዱቄቱ በማግኔት ኃይል ስለሚታዘዝ፥ ሌላ ማግኔት ሲቀርበው የተቀዳው ይበላሻል። በራዲዮ በቀጥታ የተዘፈነ ዘፈንም ካልተቀዳ፥ ዘፋኙ ዝም ሲል እርሱም ያበቃል።

በ1969 አቶ አምሐ እሸቴ የራሳቸውን የሸክላ ማሳተሚያ ድርጅት አቆሙ። በዚያን ጊዜ ሸክላ የማሳተም መብት ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ በዐዋጅ የተሰጠ ስለ ነበረ፥ ሥራው ድፍረት የሚጠይቅ ነበር። የመጀመሪያው ሸክላ የዓለማየሁ እሸቴ ሲሆን፥ እስከ 1975 ድረስ ከ100 የሚበልጡ ትናንሽ ሸክላዎችና 12 ያህል ትላልቅ ሸክላዎች ወጡ። ከ1974 አብዮት በኋላ አቶ አምሐ ከአገር ወጡ፤ የሰዓት እላፊ ዐዋጅም የከተማውን የሌሊት ጨዋታ ዘጋ። ከዚህ በኋላ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ የመሐሙድ አሕመድን ሸክላ ሰምቶ እጅግ ስለ ወደደው ወደ አዲስ አበባ መጣ፤ ከ1997 ጀምሮም እነዚህን አሮጌ ዘፈኖች «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም በተከታታይ እያሳተመ ለዓለም አሰማ።

በካዛንችስ አጠገብ ባለው በሒልተን ሆቴል ይጫወት የነበረው የዋልያስ ባንድ በ1981 ወደ አሜሪካ በሄደ ጊዜ ከአባሎቹ አንዳንዶቹ እዚያው ቀሩ። ከእነዚህ አንዱ ኃይሉ መርጊያ በ1985 አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ጋራ አስማምቶ፥ ብቻውን ሆኖ አንድ ካሴት ቀዳ። ይህ ለጆሮ እንግዳ የሆነ ሥራ ከጊዜ በኋላ ተረሳ፤ ኃይሉም በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ይኖር ነበር። በኋላ ብራየን ሺምኮዊትዝ የተባለ አሜሪካዊ ካሴቱን በባሕር ዳር አግኝቶ ባለቤቱን ፈለገውና በ2013 እንደ ገና አሳተመው። ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ካሴቱን ለዚያ ቀን ያደረሰው ሳይጥል ያቆየ ሰው ነው።

ከቄራ እስከ ካዛንችስ ባሉት መንደሮች ካሴት የየቤቱ ዕቃ ነበር። በ2024 በካዛንችስ ብዙ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቹ ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወሩ። ቤት ሲለቀቅ አልጋና ድስት ይጫናል፤ በአልጋ ሥር ያለ የካሴት ሣጥን ግን እንደ ጉድፍ ይቈጠራል። በገጠርም ቤት ሲታደስ እንዲሁ ይሆናል። በዚያ ሣጥን ውስጥ በገበያ የማይገኝ የሠርግ ዘፈን፥ የአዝማሪ ጨዋታ፥ ወይም ሸምግሎ የሞተ አባት ድምፅ ይገኝ ይሆናል።

ስለዚህ መምህራንና የአገር ሽማግሌዎች ተባብረው ይህን ሊያደርጉ ይገባል። አንደኛ፥ በየቤቱ ያለውን ካሴትና ሸክላ ከባለቤቱ ጋራ ሆነው መዝግቡ፤ ማን እንደ ዘፈነ ወይም እንደ ተናገረ፥ የት፥ በስንት ዓመት እንደ ተቀዳ ጻፉ። ይህን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ስለ ሆኑ ነገ ሳይባል ዛሬ ይጠየቁ። ሁለተኛ፥ ካሴቱን ከፀሐይ፥ ከእርጥበት፥ ከአቧራና ከድምፅ ማጉያ አርቁ፤ በድምፅ ማጉያ ውስጥ ማግኔት አለና። ሦስተኛ፥ በካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትናንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ስበሩ፤ ይህ ከተደረገ ሌላ ሰው ሳያውቅ በላዩ ሊቀዳበት አይችልም። አራተኛ፥ ድምፁን ወደ ኮምፒዩተር ወይም ወደ ስልክ አስገልብጡና ግልባጩን በሁለት ልዩ ልዩ ስፍራ አስቀምጡ። ዋናው ካሴት ግን ከተገለበጠም በኋላ አይጣል፤ ለባለቤቱ በክብር ይመለስለት።