የሕፃኑን ነገር ማን ያውቃል? ፍትሕ፣ ልጅ አስተዳደግና ጎረቤት በአንድ ጠበቃ ዕይታ

(ለሕዝብ የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል።)



ስለ ፍትሕ እንድናገር ስትጋብዙኝ ስለ ልጅ አስተዳደግም ጥቂት እንድጨምር ጠይቃችሁኝ ነበር። ሁለቱ በአንድ ንግግር የሚገናኙ አልመሰለኝም። በመብት ጉዳዮች በጠበቃነት ያሳለፍኳቸውን ዓመታት መለስ ብዬ ስመረምር ግን፣ ከሁሉ አብልጠው ያስተማሩኝ የሕፃናት መዝገቦች መሆናቸውን ተረዳሁ። ስለዚህ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ሕጉ «የሕፃናት ደኅንነት ይቅደም» ሲል፣ ያ ደኅንነት ምን እንደሆነ የሚያውቀው ማን ነው?

ብዙዎቻችሁ በምታውቁት ውሳኔ ልጀምር። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632፣ በ2000 ዓ.ም. የሰጠው ውሳኔ ነው። እናቱ የሞተችበትን ሕፃን ያሳደገችው አክስቱ ነበረች። አባት ደግሞ ሞግዚትነትና አሳዳሪነት ለእኔ ይገባል አለ። ከወላጆች አንዱ ሲሞት ሥልጣኑ ለሌላው ወላጅ እንደሚሆን የቤተሰብ ሕግ ስለሚደነግግ፣ የሥር ፍርድ ቤቶች ለአባት ወሰኑ። ሰበር ችሎቱ ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 2 እና በሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 3 ላይ ተመሥርቶ ውሳኔያቸውን ሻረ። ከውሳኔው የምረዳው፣ የወላጅነት ሥልጣን የወላጁ ንብረት ሳይሆን ለሕፃኑ ሲባል የተሰጠ አደራ መሆኑን ነው። የሰበር ችሎት የሕግ ትርጓሜ በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ፣ የመርሑ ጉዳይ በዚህ እልባት አግኝቷል ማለት ይቻላል። የቀረው የማስረጃው ጉዳይ ነው።

በዚህ ረገድ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን ለአንድ አባት ቆሜ ነበር። የልደት ማስረጃው፣ የደመወዝ ደብዳቤው፣ የቤት ካርታው ሁሉ በመዝገቡ ውስጥ ተሟልቷል። ረታን። ሕፃኑን በምንረከብበት ዕለት አንዲት ጎረቤት ልብሱን በነጠላ ቋጥረው፣ የመድኃኒት ጠርሙስ ይዘው ከበር ቆመው አገኘኋቸው። ልጁ ሌሊት ሌሊት ትንፋሽ እንደሚያጥረው፣ ያን ጊዜ ቀና አድርጎ መያዝ እንደሚያስፈልግ፣ መብራት ከጠፋ እንደሚሸበር አንድ በአንድ ነገሩኝ። አባትየውን ዘወር ብዬ አየሁት፤ እሱም እንደ እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ይሰማ ነበር። «ይህን ለምን ለፍርድ ቤት አላስረዱም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ማን ጠየቀኝ?» አሉኝ።

ያ መልስ ዛሬም አብሮኝ አለ። በፍትሐ ብሔር ክርክራችን ምስክር የሚቆጥሩት ተከራካሪዎች ናቸው። ጎረቤቲቱን እኛ አልቆጠርናቸውም፤ ለእኛ አይጠቅሙንምና። ተቃራኒው ወገን ጠበቃ ስላልነበረው እሱም አልቆጠራቸውም። ፍርድ ቤቱ በራሱ አነሣሽነት ተጨማሪ ማስረጃ እንዲያስቀርብ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቢፈቅድለትም፣ በዚያ መዝገብ አልተጠቀመበትም። በመዝገቡ የተጻፈው ሁሉ እውነት ነበር፤ ሕፃኑን ግን አያውቀውም።

እንዲህ ስል የአካባቢው ማኅበረሰብ ሁልጊዜ ትክክል ነው ማለቴ አይደለም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት በፈቃዷ ካገባት ከክስ ነፃ ያደርገው ነበር። በዚህ ቀዳዳ ሽማግሌዎች ሁለቱን ቤተሰቦች ያስታርቁ፣ ካሳ ይቆርጡ፣ ደም እንዳይፈስ ይከላከሉ ነበር። የታረቁት ግን አባቶች ናቸው። «በፈቃዷ» የሚለው ቃል በሕጉ ቢኖርም፣ ልጅቷን ለብቻዋ አስቀምጦ የጠየቃት አልነበረም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ንዑስ አንቀጽ 3 ይህን ቀዳዳ ዘጋው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ክርክሮች በሃይማኖት ወይም በባህል ሕጎች እንዲዳኙ ሲፈቅድ፣ የተከራካሪዎቹን ፈቃደኝነት ቅድመ ሁኔታ አድርጓል። እንግዲህ የፍርድ ቤቱ ጉድለትና የሽምግልናው ጉድለት አንድ ዓይነት ነው፤ ነገሩ የደረሰበትን ሰው ሳይጠይቁ መወሰን።

ይኸው ጉድለት በቤቴም ገጥሞኛል። አንድ ቀን ደንበኛዬ ሳይሰማ ተፈርዶበታል ብዬ ስከራከር ውዬ ማታ ወደ ቤት ገባሁ። ትንሹ ልጄ ያለቅሳል፤ ታላቅ እኅቱ አጠገቡ ቆማለች። ምንም ሳልጠይቅ እሷን ተቆጥቼ ወደ ክፍሏ ላክኋት። «አባዬ፣ እኔንስ አትጠይቀኝም?» አለች። ለካስ ልጁ ወድቆ እሷ ነበረች ያነሣችው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 1(ሠ) ሕፃናትን በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ይጠብቃል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 576 ግን ሕግን የማይቃረን የወላጅ ተግሣጽን አይቀጣም። በቤት ውስጥ ልጅን ሰምቶ መወሰን በአብዛኛው ለወላጁ ኅሊና የተተወ ነው ማለት ነው። በቤቱ ሳይሰማ የሚቀጣ ልጅ ነገ ዳኛ፣ ሽማግሌ ወይም ጠበቃ ሲሆን መስማትን ከወዴት ይማረዋል?

ወደ ሙያችሁ ልመለስ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 113 ባልና ሚስት ሲፋቱ ልጆች ከማን ጋር እንደሚኖሩ ለመወሰን የወላጆቹ ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና የአኗኗር ሁኔታ፣ እንዲሁም የልጆቹ ዕድሜና ጥቅም እንዲታይ ያዝዛል። ገቢ በደብዳቤ ይረጋገጣል፤ የልጆች ጥቅም ግን ከግቢው ሳይደርሱ አይታወቅም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጉዳይ ስትይዙ ቤቱን እዩ፤ ማን እንደሚያበላው፣ ሲታመም ማን እንደሚያስታምመው ጠይቁ። ጎረቤት ቂም ሊኖረው ስለሚችል አንዱን በሌላው አመሳክሩ። ሕፃኑንም በኮንቬንሽኑ አንቀጽ 12 መሠረት አድምጡ፤ ነገር ግን ከእናትና ከአባት አንዱን እንዲመርጥ አታስጨንቁት። መናገር የእሱ መብት፣ መወሰን የዳኛው ሸክም ነው።

ለአንድ ወገን የቆመ ጠበቃ ይህን ሁሉ ለምን ያደርጋል የምትሉ ትኖራላችሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። የእኔ መልስ ያን ሌሊት የተረከብነው ሕፃን ነው። ትንፋሹ ሲያጥር ምን ማድረግ እንደሚገባ አባቱ ያወቀው፣ ያቺ ጎረቤት ማንም ሳይጠይቃቸው በር ላይ ቆመው ስለጠበቁን ብቻ ነው።

 አሁን ደግሞ ጥያቄዎቻችሁን ልስማ።