የወረቀቱ ዋጋና የፋይሉ ዋጋ

ሥራዬ የጨዋታ መጻሕፍትን ገጽ ማቀናበር ነው። ሰዎች ጠረጴዛ ከብበው፣ ዳይስ እየጣሉ፣ አንዱ ተራኪ ሌሎቹ ባለታሪክ ሆነው የሚጫወቷቸውን ጨዋታዎች ማለቴ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1974 «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ሲታተም የተጀመረውን ዘርፍ። የደንብ መጽሐፎቹ ወፍራም፣ ባለ ሙሉ ቀለምና ሥዕል የበዛባቸው ናቸው። የምኖረው ሲያትል አካባቢ ነው፤ የዘርፉ ሁለት ትልልቅ አሳታሚዎች፣ ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስትና ፓይዞ፣ ያደጉትም በዚሁ ነው። እኔ ግን የምሠራው ለትንንሾቹ ነው። አንድ መጽሐፍ ሲያልቅ ሁለት ፋይል አስረክባለሁ። አንዱ ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል፣ ሌላው ፒዲኤፍ ሆኖ ይሸጣል። ቀጥሎ የማይቀረው ጥያቄ ይመጣል፤ ፒዲኤፉ ስንት ይሁን?

የገዢዎች ክርክር የታወቀ ነው። ወረቀት የለው፣ ቀለም የለው፣ መርከብ አልጫነው፣ መጋዘን አላደረ፤ ታዲያ የምን ዋጋ? ይላሉ። አሳታሚዎቹ ደግሞ ጸሐፊው፣ ሠዓሊው፣ አርታኢው፣ ደንቡን እየተጫወተ የሚፈትነው ሁሉ ለሁለቱም የደከመው እኩል ነው ብለው ይመልሳሉ። ሁለቱም እውነት ይናገራሉ። ነገሩ የሚጠራው ግን ሒሳቡ ሲሠራ ነው።

የሽፋን ዋጋው 50 ዶላር የሆነ መጽሐፍ እንውሰድ። አከፋፋዩ ከአሳታሚው የሚረከበው በተለምዶ በሽፋኑ ዋጋ 40 በመቶ ገደማ፣ ማለትም በ20 ዶላር ነው። ሱቁ ከአከፋፋዩ በግማሽ ዋጋ ወይም ትንሽ ከፍ አድርጎ ይገዛል። አሳታሚው ከዚያች 20 ዶላር ላይ ማተሚያውን፣ ማጓጓዣውንና መጋዘኑን ይከፍላል። ጠንካራ ሽፋን ያለው ባለ ቀለም መጽሐፍ በመጠነኛ ቁጥር ሲታተም፣ እነዚህ ወጪዎች ተደምረው ከ8 እስከ 10 ዶላር ቢደርሱ አያስገርምም። የቀረው 10 ወይም 12 ዶላር ነው፤ ጸሐፊውም ሠዓሊውም እኔም የምንከፈለው ከዚያ ነው።

አሁን ያንኑ መጽሐፍ በፒዲኤፍ፣ በ15 ዶላር እንሽጠው። የዘርፉ ዋና የፒዲኤፍ መደብር ድራይቭስሩአርፒጂ፣ መጽሐፉ እሱ ዘንድ ብቻ የሚሸጥ ከሆነ ለአሳታሚው 70 በመቶ፣ ሌላም ቦታ የሚሸጥ ከሆነ 65 በመቶ ይሰጣል። ይህም 10 ዶላር ከ50 ሳንቲም ወይም 9 ዶላር ከ75 ሳንቲም ማለት ነው። በ15 ዶላር የተሸጠ ፋይል ለሠሪዎቹ የሚያስገባው፣ በሱቅ በኩል በ50 ዶላር የተሸጠው መጽሐፍ ከሚያስገባው ብዙም አይርቅም። ይህን ሒሳብ ለደንበኞቼ ባሳየሁ ቁጥር አንዳንዶቹ ደጋግመው ይደምሩታል። ፒዲኤፍ ርካሽ ሲሆን የሚጎዳው ሠሪው ነው የሚለው ስጋት ሥር የሰደደ ነውና።

እርግጥ ነው፣ ፒዲኤፉ ራሱ ድካም አለው። ለኅትመት የገጹ ቁጥር በ16 ወይም በ32 እንዲካፈል እጨነቃለሁ፤ ሥዕሉ ሲቆረጥ ነጭ ጠርዝ እንዳይተው ከገጹ ወሰን አሳልፌ እዘረጋለሁ። ለፒዲኤፉ ደግሞ ሌላ ሥራ ይጠብቀኛል። «ገጽ 212ን ተመልከት» የሚለው ሁሉ ሲነካ ወደ ቦታው የሚወስድ መሆን አለበት፤ ምዕራፎቹ ዕልባት፣ ሠንጠረዦቹ ደግሞ ማየት ለተሳነው አንባቢ ጮክ ብሎ በሚያነብ ፕሮግራም የሚነበቡበት ቅደም ተከተል ያስፈልጋቸዋል። ከወጣ በኋላም ስሕተት በተገኘ ቁጥር ይታረማል፤ ወረቀቱ የሚታረመው ግን ዳግም ሲታተም ነው። በደንብ የተሠራ ፒዲኤፍ በነጻ ሊጠየቅ አይገባም የምለው ለዚህ ነው። ገጹ ተገልብጦ ብቻ የተጣለ፣ ዕልባት እንኳ የሌለው ፋይል 25 ዶላር ተለጥፎበት ሳይ ግን እናደዳለሁ።

ዘርፉ በዋጋው ጉዳይ ብዙ መንገድ ሞክሯል። ፓይዞ እ.ኤ.አ. በ2009 «ፓዝፋይንደር» የተባለውን ጨዋታውን ባለ 576 ገጽ ዋና መጽሐፍ ሲያወጣ፣ ወረቀቱን በ49.99፣ ፒዲኤፉን በ9.99 ዶላር ሸጠ። በደንበኝነት ለተመዘገቡ ገዢዎች የታተመው መጽሐፍ ሲላክላቸው ፒዲኤፉን በነጻ ይጨምራል። ኤቪል ሃት የተባለው አሳታሚ «ፌት ኮር» የተሰኘ የደንብ መጽሐፉን ፒዲኤፍ ገዢው የፈቀደውን ከፍሎ እንዲወስደው አደረገ። ይኸው አሳታሚ የሚሳተፍበት «ቢትስ ኤንድ ሞርታር» የተባለ ስምምነት ደግሞ መጽሐፉን ከሰፈር የጨዋታ ሱቅ ለገዛ ሰው ፒዲኤፉን በነጻ ይሰጣል። ይህን ስምምነት እወደዋለሁ። ሱቆቹ ተጫዋቾች የሚገናኙበትና አዲሱ ሰው ጨዋታውን የሚማርበት ቦታ ናቸው፤ ርካሽ ፒዲኤፍ ገበያቸውን እንዳይወስድባቸው መስጋታቸውም ተገቢ ነው።

የ«ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» አሳታሚ ዊዛርድስ የሄደበት መንገድ ተቃራኒ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የቅጂ ስርቆትን ምክንያት አድርጎ ፒዲኤፎቹን በሙሉ ከገበያ አወጣ፤ የቆዩትን ዳግም መሸጥ የጀመረው በ2013 ነው። ባለቤቱ ሃስብሮ እ.ኤ.አ. በ2022 ዲ ኤንድ ዲ ቢዮንድ የተባለውን የኢንተርኔት መድረክ በ146.3 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የተጫዋቾች መጽሐፍ በወረቀት 49.99፣ በዚህ መድረክ ላይ 29.99 ዶላር ነበር። በዚያ ዋጋ የሚገኘው ግን በራስ ኮምፒውተር የሚቀመጥ ፋይል አይደለም፤ ገብቶ የማንበብ ፈቃድ ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ መድረኩ ተጫዋቾች ቀደም ሲል ከፍለው የሚጠቀሙባቸውን የ2014ቱን ደንብ አስማቶች በአዲሶቹ እንደሚተካ አስታወቀ፤ ተቃውሞው ሲበረታ ሐሳቡን ለወጠ። የሰማው ይመስገን። ሆኖም በአንባቢው መደርደሪያ ላይ ያለን መጽሐፍ ማንም መጥቶ ሊለውጥበት እንደማይችል ያን ጊዜ ብዙዎች አሰቡ። መድረኩ ጥቅም የለውም አልልም፤ የባለታሪኩን ሒሳብ ይሠራል፣ ፍለጋውም ፈጣን ነው። የአገልግሎቱ ዋጋ ግን በአገልግሎትነቱ ይነገር እንጂ፣ ቤት አከራይቶ ከሽያጩ ዋጋ ግማሽ በላይ ማስከፈል ልክ አይደለም።

አገር ቤት ያሉ ወጣት ተጫዋቾች ሲጽፉልኝ ነገሩ ሌላ ገጽታ ያሳየኛል። ሁለት ኪሎ የሚጠጋ መጽሐፍ ከአሜሪካ አዲስ አበባ ማስላክ የመጽሐፉን ዋጋ ሊበልጥ ይችላል፤ በዶላር የሚከፍል ካርድ ማግኘትም ቀላል አይደለም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እዚህ ለምሳ የምትወጣው 15 ዶላር እዚያ ትልቅ ገንዘብ ናት። ለእነሱ ፒዲኤፉ ያለው ብቸኛ መጽሐፍ ነው።

ስለዚህ ደንበኞቼ ሲጠይቁኝ የምመልሰው ይህን ነው፤ ፒዲኤፉን ከወረቀቱ ዋጋ ሲሶ አታሳልፉት፣ ወረቀቱን ለገዛ ሰው በነጻ ስጡት፣ የሸጣችሁትን ፋይል ደግሞ አውርዶ የራሱ እንዲያደርገው ፍቀዱለት። እናንተም አንባቢዎች፣ ፋይል ከመግዛታችሁ በፊት ወደ ራሳችሁ ማሽን ማውረድ ይቻል እንደሆነ አረጋግጡ። የማይወርድ ከሆነ የወረቀቱን ዋጋ ግማሽ አትክፈሉበት።