ጊዜ ያጠረው ጃክ ባወር፣ ጊዜ የተረፈው መርማሪዬ

ይህችን ማስታወሻ እንድጭር ያነሳሳኝ ፖለቲካ አይደለም ብል ብዙዎቻችሁ አታምኑኝም። ያነሳሳኝ ፊልም ነው። እኛ ስደተኞች ስንገናኝ ስለ አገር ቤት እንጨቃጨቃለን እንጂ ቅዳሜ ማታ ሶፋ ላይ ተጋድመን ስለምናየው ነገር ብዙም አንጽፍም። እኔ ግን አልዋሽም፤ የሰላይና የተኩስ ፊልም እወዳለሁ። ሐያሲ አይደለሁም፤ ከሥራ ደክሞት የገባ ተራ ተመልካች ነኝ። አስተያየቴንም እንዲሁ ውሰዱልኝ።

በቅርቡ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ልጄ ለእረፍት መጣና «አባዬ፣ አንተ የምትወደውን ዓይነት የድሮ ተከታታይ አገኘሁልህ» ብሎ «24»ን ከፈተልኝ። እሱ አያውቅም እንጂ እኔና «24» የቆየ ትውውቅ አለን። አሜሪካ በገባሁበት ሰሞን ከፓርኪንግ የሌሊት ሥራ ስመለስ አየው ነበር። አንዳንዱ ትዕይንት ላይ ሲደርስ ግን አጠፋዋለሁ።

ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ፎክስ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2001 እስከ 2010 ያሳየው ነው። ከመስከረም 11ዱ ጥቃት ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ጀመረ። እያንዳንዱ ምዕራፍ የአንድ ቀን ታሪክ ነው፤ 24 ክፍል፣ 24 ሰዓት። ቦምቡ ሊፈነዳ ነው፣ ስክሪኑ ላይ ሰዓቱ ይቆጥራል፣ የተያዘው ሰው አልናገርም ይላል። ኪፈር ሰዘርላንድ የሚጫወተው ጃክ ባወር ያሰቃየዋል፣ ሰውየው ይናገራል፣ አገር ይድናል። ለእውነቱ ከሆነ አሠራሩ ግሩም ነው። አንዱን ክፍል ጨርሶ ሌላውን ሳይከፍት የሚተኛ ሰው ካለ አድናቂው ነኝ።

ልጄ ግን አንዱ የድብደባ ትዕይንት ላይ ፊልሙን አቆመና «አባዬ፣ እንዲህ ሲያደርጉት ሰው እውነቱን ይናገራል?» ብሎ ጠየቀኝ። በምርጫ 97 ማግስት መታሰሬን ያውቃል። ዝርዝሩን ነግሬው አላውቅም ነበር።

ያን ማታ ነገርኩት። የፊልሙ ትልቁ ውሸት ደም አይደለም፤ ሰዓቱ ነው። ጃክ ባወር ጊዜ የለውም። የኔ መርማሪ ግን ጊዜ ተርፎት ነበር። ሻይ ያስመጣል፣ ጋዜጣ ያገላብጣል፣ «ነገ እንቀጥላለን» ብሎ ቤቱ ይሄዳል። የምቸኩለው እኔ ነበርኩ። በስድስተኛው ቀን ስም ሰጠሁ። አገር ለቆ ወጥቷል ብዬ ያሰብኩትን የሥራ ባልደረባዬን ስም። ያልተደረገ ስብሰባ ፈጥሬ፣ ያልተባለ ነገር አስብዬው ፈረምኩ። ሰውየው ግን አልወጣም ነበር። አምስት ወር ታሰረ። «ይናገራል ወይ?» ላልከው ልጄ፣ አዎ ይናገራል። እውነቱን ግን አይደለም፤ ዱላውን የሚያስቆምለትን ነው።

ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም። ሴናተር ጆን ማኬይን በቬትናም ምርኮኛ ሳሉ የጓዶችህን ስም አምጣ ተብለው ሲሰቃዩ የአንድ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ተጫዋቾችን ስም እንደሰጡ ራሳቸው ጽፈዋል። በኅዳር 2006 የዌስት ፖይንት ወታደራዊ አካዳሚ የትምህርት ዲን የነበሩት ጄኔራል ፓትሪክ ፊኔጋን ካሊፎርኒያ ድረስ ሄደው የ«24» አዘጋጆችን አነጋግረዋል። ማሰቃየትን እንዲህ አታሳምሩት፤ ወጣቶቹ ወታደሮች ከእናንተ እየተማሩ ነው ነበር ነገሩ። በ2012 «ዜሮ ዳርክ ሠርቲ» ሲወጣም ማኬይንና ሁለት ሴናተሮች ፊልሙ ቢን ላደን በማሰቃየት የተገኘ ያስመስላል ብለው ለአከፋፋዩ ኩባንያ የተቃውሞ ደብዳቤ ጽፈዋል። በታኅሣሥ 2014 ይፋ የሆነው የሴኔቱ የስለላ ኮሚቴ ሪፖርትም የሲአይኤ የማሰቃየት ዘዴ መረጃ ለማግኘት ውጤታማ እንዳልነበር ደምድሟል።

ታዲያ ምን እንይ? ለሚለኝ አንባቢ «የሌሎች ሕይወት» የተባለውን የ2006 የጀርመን ፊልም እጠቁማለሁ። የኦስካር ሽልማት ያገኘ ነው። መግቢያው ላይ የምሥራቅ ጀርመን የስለላ ድርጅት የሽታዚ መኮንን አንድን እስረኛ እንቅልፍ ነስቶ ይመረምራል፤ አይቸኩልም። ያንን ሳይ መርማሪዬን አየሁት። ሽታዚ የደርግን የደኅንነት ሰዎች ያሠለጥን እንደነበር ስናስታውስ ነገሩ ከቤታችንም ሩቅ አይደለም። በኋላ መኮንኑ የሚሰልለውን ሰው ያድናል። በርሊን የሚገኘው የሽታዚ እስር ቤት መታሰቢያ የያኔው ኃላፊ ግን እንዲህ ያለ መኮንን አልነበረም ብለው ግቢያቸው ውስጥ እንዳይቀረጽ ከልክለዋል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይሏል ይህ ነው።

ከቅርቦቹ ደግሞ ከ2022 ጀምሮ የወጣውን «ስሎው ሆርስስ»ን ወድጄዋለሁ። ጋሪ ኦልድማን የሚመራቸው ሰላዮች ጥፋት ሠርተው ከዋናው ቢሮ የተባረሩ ናቸው። ይሳሳታሉ፣ አለቆቻቸውም ጥፋታቸውን ለመሸፈን ይሯሯጣሉ። የደኅንነት መሥሪያ ቤት ሁሉን የሚያውቅ አምላክ እንዳልሆነ የሚያሳይ ፊልም ለኛ ዓይነቱ ተመልካች መድኃኒት ነው።

ወገኖቼ፣ ፊልም ፊልም ነው ትሉኝ ይሆናል። ነገር ግን ጃክ ባወር ሲደበድብ እኛም ሶፋችን ላይ ሆነን «በለው!» እንላለን። ለምን? «የኛ» ስለሆነ ነው። ይህ ነው የሚያስፈራኝ። በየዘመኑ የሚገርፈው ሲቀያየር፣ የተገረፈው ወገን ተራው ሲደርስ ጅራፉን ሲያነሳ አይተናል። ነገ «የኛ» የምንለው ሰው ሥልጣን ቢይዝ፣ ቦምብ ሊፈነዳ ነው ብሎ የእስር ቤቱን በር ቢዘጋ፣ ምን እንላለን? መልሱን ዛሬ ካላዘጋጀን ያን ቀን አይገኝም።

ይህችን ጽሁፍ ከመላኬ በፊት ለዚያ ባልደረባዬ ደወልኩ። እሱም ስደት ላይ ነው። በዓል በመጣ ቁጥር እንኳን አደረሰህ እንባባላለን፤ ያን ነገር ግን አንስተነው አናውቅም። ልጽፈው ነው አልኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ጻፈው» አለኝ። «ስሜን ግን የዛሬን እንኳ አትስጥ።»

አልሰጠሁም።

ቸር ይግጠመን።